ስንቶቻችሁ እዚህ ሰፈር ትኖራላችሁ? የዱድሊ ስትሪት ሰዎችና የሰፈራቸው ፕላን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የወረዳ አዳራሽ ውስጥ የሰፈር ልማት ፕላን ለነዋሪ ሲቀርብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ነው። ባለሙያው ጎበዝ ልጅ ነበር፤ የመንገዱን ስፋት፣ የሕንፃውን ከፍታ፣ የቅይጥ አገልግሎቱን ቦታ እያሳየ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ከዚያ «አስተያየት ካላችሁ» ተባለ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ተነሡና ካርታው ድረስ ሄዱ። ትንሽ ፈልገው ሲያጡት «ልጄ፣ የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» አሉት። ልጁ ጣቱን አንድ ቀይ ቦታ ላይ አሳረፈ። ቀይ ማለት ንግድ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ቀለም አይደለም። እሳቸው ግን ስለ ቀለሙ አልጠየቁም፣ ማንም አልነገራቸውም። ቤታቸው ካርታው ላይ ስለተገኘ መርቀውት ተመለሱና ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ነዋሪው ተወያይቶ ፕላኑን እንደተቀበለ ተጻፈ።

ያ ቀን ዛሬም ያንገበግበኛል። ባለሙያው ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጃችን፣ ቁጥር 574/2000፣ ነዋሪው በፕላን ዝግጅት ይሳተፍ ይላል፤ በዚያ አዳራሽ ስብሰባው ተጠርቷል፣ ሻይና ቆሎ ቀርቧል፣ ፊርማ ተሰብስቧል። እና ምንድን ነው የጎደለው? ይሄን ጥያቄ ይዤ ስዞር ነው የዱድሊ ስትሪትን ጉዳይ ያገኘሁት። አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ድሃ ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ የሰፈራቸውን ፕላን ከመተቸት አልፈው ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ከተማው እንዲቀበለው አድርገው፣ ከዚያም መሬቱን በእጃቸው አስገብተዋል። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ነው ቁም ነገሩ። ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰፈሩ

ዱድሊ ስትሪት ሮክስበሪና ሰሜን ዶርቼስተር የሚገናኙበት ላይ ነው። ከቦስተን መሐል ከተማ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች የመጡ ሰዎች፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችና የቀሩ ነጮች ጎን ለጎን ይኖሩበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነጮቹ ወደ ከተማው ዳርቻ መውጣት ጀመሩ። ጥቁሮች ሲበዙ ባንኮች ለሰፈሩ ብድር መስጠት አቆሙ። ብድር ከሌለ ቤት አይታደስም፣ ቤት አይሸጥም። በ1970ዎቹ ደግሞ እሳት መጣ። ቤቱ መሸጥ ያቃተው ባለንብረት በኢንሹራንስ ገንዘብ ለማካካስ ሕንፃውን ራሱ ያቃጥላል ወይም ያስቃጥላል። ሌሊት ሌሊት የእሳት አደጋ መኪና ጩኸት የተለመደ ነበር። የተቃጠለው ይፈርሳል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ 1,300 ባዶ ቦታዎች ተቆጠሩ፤ ከሰፈሩ መሬት ሲሶ የሚጠጋው ማለት ነው።

ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ከሌላ የከተማው ክፍል የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ማታ ማታ ቆሻሻ እየደፉ ይሄዳሉ። የግንባታ ፍርስራሽ፣ አሮጌ ፍሪጅ፣ ጎማው የተነቀለ መኪና። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚህ መሐል አቋርጠው ነው። በጋ ላይ ሽታው መስኮት አያስከፍትም ነበር ይላሉ የዚያን ጊዜ ሰዎች።

ነዋሪው ስለ ፕላን የሚያውቀው ነገር ነበር፣ ግን የሚያውቀው ክፉውን ነው። ዌስት ኤንድ የሚባለው የቦስተን ሰፈር ከ1958 ጀምሮ በመልሶ ማልማት ስም ሙልጭ ብሎ ፈርሶ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተበትነው፣ በቦታው ለሀብታም የሚሆኑ አፓርታማዎች ተሠርተዋል። በራሱ በሮክስበሪም በኩል ትልቅ አውራ ጎዳና ያልፋል ተብሎ ስንት ቤት ከፈረሰ በኋላ ነው የግዛቱ ገዥ በ1972 የመንገዱን ፕሮጀክት የሰረዙት። ቤቱ ፈረሰ፣ መንገዱም አልተሠራ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የከተማው የመልሶ ማልማት ባለሥልጣን ለዱድሊ አደባባይ ሆቴልና የቢሮ ሕንፃ ያለበት የ750 ሚሊዮን ዶላር ፕላን እያዘጋጀ እንደሆነ ወሬው አፈትልኮ ወጣ። ነዋሪውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰዉ «ቀጣዮቹ እኛ ነን» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ

ነገሩ የተጀመረው በትንሽ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ላ አሊያንሳ ሂስፓና የሚባል የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ድርጅት በ1984 ራይሊ ፋውንዴሽን ከሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ ጠየቀ። የፋውንዴሽኑ ሰዎች ቢሮውን ሊጎበኙ መጡና አካባቢውን በእግራቸው ዞሩ። ያዩት ነገር አስደነገጣቸው። እዚህ ለአንድ ድርጅት ትንሽ ብር መስጠት ምን ዋጋ አለው፣ ሰፈሩን በሙሉ የሚያነሣ ነገር እንሥራ አሉ። ከዚያ በአካባቢው የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ተቋማትና ኃላፊዎች ተሰብስበው ለወራት መከሩ፤ ሥራውን የሚመራ ቦርድም አዋቀሩ። መቀመጫው አብዛኛው ለድርጅቶችና ለተቋማት ነበር። ለነዋሪው የተተወለት ጥቂት ነው።

በየካቲት 1985 ይሄን ይዘው ሴንት ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 200 ያህል ሰው ፊት ቀረቡ። እስኪ አዳራሹን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ተደርድሯል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጡት የተማሩ፣ ቅን የሆኑ፣ ገንዘብ ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። እንደ እኔ ግምት ጭብጨባ ይጠብቁ ነበር፤ ማን ነው የማይጠብቀው? ቼ ማድዩን የምትባል ነዋሪ ተነሣች። በኋላ ከዚህ ስብሰባ የተወለደው ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነችው ናት። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ እዚህ ሰፈር ትኖራላችሁ?

መልሱ የሚያሳፍር ነበር። ከዚያ ሌሎቹም ተከታትለው ተነሡ። እናንተ ማን ናችሁ፣ ማን መረጣችሁ፣ ስለኛ የምትወስኑት በማን ውክልና ነው ተባለ። ስብሰባው ተበላሸ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የምወደው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ገንዘቡን የያዙት ሰዎች ቦርሳቸውን አንስተው አልሄዱም። «ሕዝቡ አልገባውም፣ ሌላ ጊዜ በደንብ እናስረዳዋለን» ብለው ያንኑ ነገር መልሰው አላመጡም። አወቃቀሩን አፍርሰው ከነዋሪው ጋር እንደ አዲስ ሠሩት። 31 አባላት ያሉት ቦርድ ሆነ፤ አብላጫው መቀመጫ የነዋሪዎች ነው፣ እነሱም በምርጫ ይገባሉ። ዱድሊ ስትሪት ኔበርሁድ ኢኒሺዬቲቭ የሚባለው ድርጅት እንዲህ ተወለደ። ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ ማኅበሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። የነዋሪውን መቀመጫ ሲከፋፍሉ ለጥቁሮች፣ ለኬፕ ቨርዴዎች፣ ለስፓኒሽ ተናጋሪዎችና ለነጮች እኩል እኩል ሰጡ። የሕዝብ ቁጥራቸው ግን እኩል አልነበረም። ቁጥሩ የሚበዛው ለምን ተስማማ? እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ወገን ቦርዱን ከያዘው ሌሎቹ ቤታቸው ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ከቀሩ ደግሞ ከተማው ፊት ሲቆሙ «እናንተ የምትወክሉት አንድ ወገን ነው» የሚል መልስ ይጠብቃቸዋል። ስብሰባዎቹም በአስተርጓሚ ይካሄዱ ነበር። ስፓኒሽና የኬፕ ቨርዴ ክሪዮል ተናጋሪው እንግሊዝኛ አልችልም ብሎ ጥግ ይዞ አይቀመጥም። ትርጉም ጊዜ ይበላል፣ ሰው ይሰለቻል። ግን ለአንድ ሰው የማይገባው ስብሰባ ላይ ስሙን ማስፈረም ምን ይባላል?

መጀመሪያ ቆሻሻው

የማኅበሩ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ፒተር ሜዶፍ በ1986 ሥራ ጀመረ። ፕላን ለመሥራት ነበር የታሰበው፤ ሰዉ ጋ እየሄዱ ሲጠይቁ ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ ቆሻሻ ነው። ስለ 10 ዓመት ራእይ ለማውራት ቀልብ ያለው የለም፤ መስኮቱ ሥር ፍሪጅ ተጥሎ ሰው ስለ ራእይ አያወራም። ስለዚህ ከቆሻሻው ጀመሩ። «እኛ ላይ አትድፉ» የሚል ዘመቻ በዚያው ክረምት ተነሣ። ነዋሪው ባዶ ቦታዎችን በእጁ ጠረገ፣ የከተማው አስተዳደር የተጣሉ መኪናዎችን እንዲያነሣ ወጥሮ ያዘ፣ ሰፈሩ ውስጥ በሕገወጥ መንገድ የሚሠሩ የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ጠየቀ። ከንቲባው ሬይ ፍሊን ሥልጣን የያዙት በ1984 ነው፤ የድሃ ሰፈሮች ወዳጅ ነኝ ብለው ነው የተመረጡት። ነዋሪው ቃላቸውን በደንብ ያዘባቸው። ጣቢያዎቹ ተዘጉ።

ይሄን እንደ ተራ የጽዳት ዘመቻ የሚያየው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ስላለሁ አውቀዋለሁ፦ ሰው ስብሰባ የማይመጣው ስለማያገባው አይደለም፣ መጥቶ ጠብ ያለለት ነገር ስላላየ ነው። 20 ዓመት ሲጮህበት የኖረ ቆሻሻ ሲነሣ ያየ ሰው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቤት እንነጋገር ስትለው ይመጣል። ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል።

ፕላነሩን የቀጠረው ማን ነው

ወደ ፕላኑ ሲገቡ ነዋሪዎቹ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። አማካሪ ድርጅት ለመቅጠር ውድድር ሲወጣ አመልካቾቹን ቃለ መጠይቅ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። አስቡት፤ ሌላ ጊዜ ባለሙያው ነው ነዋሪውን የሚጠይቀው፦ ስንት ቤተሰብ ናችሁ፣ ሽንት ቤት አላችሁ ወይ። እዚህ ግን ነዋሪው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ባለሙያውን «ከዚህ በፊት የት ሠራህ፣ እኛን እንዴት ልታሳትፈን ነው፣ ሳንስማማ ብንቀር ምን ታደርጋለህ» ብሎ ይጠይቃል። የተመረጠው ዳክ ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት ነው። ቀጣሪው ነዋሪ ስለሆነ ተጠሪነቱም ለነዋሪው ነበር።

ይሄ ትንሽ የሚመስል ነገር ሁሉን ይቀይራል። በአዳራሹ ያየሁት ጎበዝ ልጅ ደመወዙን የሚከፍለው፣ ሥራውን የሚገመግመው፣ ቀነ ገደብ የሚያስቀምጥለት መሥሪያ ቤቱ ነው። እኚያ እናት ቢጠይቁትም ባይጠይቁትም የወሩ ሪፖርት ላይ የሚጽፈው ለውጥ የለውም። የእሳቸውን ቤት ቀለም ለምን አላስረዳህም ብሎ የሚጠይቀው አለቃ የለበትም።

በዱድሊ ለወራት በኮሚቴ፣ በየሰፈሩ ስብሰባ፣ በትልልቅ ጉባኤዎች ተሠርቶ ፕላኑ በ1987 አለቀ። ዋናው ሐሳብ «በከተማ ውስጥ ያለ መንደር» የሚል ነው። ሰው ተራርቆ የማይኖርበት፣ ሱቁ፣ መናፈሻው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የልጆች መጫወቻው በእግር የሚደረስበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሁን ያለው ነዋሪ ሳይነሣ የሚለማ ሰፈር። «ልማት ያለ መፈናቀል» የሚለውን ነገር መፈክር አድርገው ትተውት ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ፕላኑ ውስጥ አስገቡት። የከተማው አስተዳደርም በዚያው ዓመት የነዋሪዎቹን ፕላን ተቀበለ። የራሱ ፕላነሮች ያሉት ከተማ ከድሃ ሰፈር የመጣ ፕላን ሲቀበል ቀላል ነገር አይደለም፤ ከንቲባውም ባለሥልጣናቱም ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል።

ፕላን አለ፣ መሬት የለም

እዚህ ላይ ብዙ የተሳትፎ ታሪክ ያበቃል። ፕላኑ ይጸድቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዱድሊም እዚያው ሊቀር ይችል ነበር፤ ምክንያቱም መሬቱ የነሱ አይደለም። ትኩረት ያደረጉበት ቦታ ሦስት መንገዶች የሚከቡት ሦስት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱ 24 ሄክታር ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉ ባዶ ነበር። ከባዶው ደግሞ ግማሹ የከተማው፣ ግማሹ የግል ነው፤ የሁለቱም ቦታ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተቀያየጠ ነው። እዚህ አንድ የከተማው ቦታ፣ አጠገቡ ባለቤቱ የት እንዳለ የማይታወቅ፣ ግብሩም ያልተከፈለበት ቦታ፣ ቀጥሎ እንደገና የከተማው። በዚህ ላይ ተከታታይ ቤት መሥራት አይቻልም። ፕላኑ መጽደቁ ሲሰማ ደግሞ የግሎቹ ዋጋ ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ደላላ የሚሆነውን ቀድሞ ያውቃል።

ማኅበሩ ያመጣው መፍትሔ ማንም ያልጠበቀው ነው። ቦስተን ያለችበትን የማሳቹሴትስ ግዛት ሕግ ሲያገላብጡ ከተማው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲል ካሳ ከፍሎ የመውሰድ ሥልጣኑን ለአንድ የልማት ኮርፖሬሽን ሊሰጥ የሚችልበት አንቀጽ አገኙ። ታዲያ ለምን ለኛ አይሰጠንም አሉ።

ልብ በሉ፣ ይሄ ሥልጣን ዌስት ኤንድን ያፈረሰው ራሱ ሥልጣን ነው። ነዋሪው ስሙን ሲሰማ ነው የሚሸሸው። እዚያው ማኅበሩ ውስጥ ከባድ ክርክር ሆነ። ነገ ደግሞ የኔን ቤት ብትወስዱትስ? እንዴት ነው የምናምናችሁ? ይሄን የሚጠይቁት ተቃዋሚዎች አልነበሩም፣ አባላት ናቸው። እና መልሱ በንግግር ማባበል አልነበረም። ሰው የሚኖርበት ቤት እንደማይነካ፣ የሚወሰደው ባዶ ቦታ ብቻ እንደሆነ፣ የሚወሰንበት ቦርድ ራሳቸው የመረጡት እንደሆነ በግልጽ ተቀመጠ። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተደረገ። ጥያቄው ከተማው ዘንድ ሲቀርብ ነዋሪው ከኋላው ነበር።

በኅዳር 1988 የከተማው የመልሶ ማልማት ባለሥልጣን ቦርድ ፈቀደ። አሜሪካ ውስጥ አንድ የሰፈር ማኅበር ይሄን ሥልጣን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ከሦስት ዓመት በፊት በጓዳ የ750 ሚሊዮን ዶላር ፕላን ያዘጋጅ የነበረው መሥሪያ ቤት ነው ይሄን የፈቀደው። ባለቤቶች ካሳ ሊከፈላቸው ስለሚገባ ፎርድ ፋውንዴሽን 2 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ከተማው በበኩሉ የራሱን ባዶ ቦታዎች ለማስተላለፍ ተስማማ።

መሬቱን የሚይዘው ዱድሊ ኔበርስ የሚባል፣ ማኅበሩ ያቋቋመው ድርጅት ነው። አሠራሩን ለማስረዳት ለኛ አንባቢ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሊዝ የምንለው ነገር ነው። ቤት የገዛ ሰው የቤቱ ባለቤት ይሆናል፣ መሬቱን ግን ለ99 ዓመት ይከራያል። እኛም አገር የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። ልዩነቱ አከራዩ ላይ ነው፤ እዚያ አከራዩ መንግሥት አይደለም፣ ነዋሪው የሚመርጠው ቦርድ የሚቆጣጠረው የአደራ ድርጅት ነው። ሌላም አለ። ቤቱን መሸጥ የፈለገ ሰው ይሸጣል፤ ግን በገበያ ዋጋ አይደለም። ውሉ ላይ የተቀመጠ ቀመር አለ። የከፈለውን ከመጠነኛ ጭማሪ ጋር ያገኛል፣ ቀጣዩ ገዢም በአቅሙ ይገዛል። ልጆቹን ማውረስም ይችላል።

ይሄ ቀመር ሁሉንም አያስደስትም። ቤት ማለት ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ብቸኛ ሀብቱ ነው፣ ዋጋው ሲጨምር ለምን እኔ አልጠቀምም የሚል ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። የሀብታም ሰፈር ሰው ቤቱን በፈለገው ዋጋ ሲሸጥ የሚከለክለው የለም። እኔ በበኩሌ ቀመሩን እደግፋለሁ። ቦታው በካሳና በሕዝብ መሬት የተገኘ ነው፣ የመጀመሪያው ገዢ ሁሉን ትርፍ ይዞ ከሄደ ሁለተኛው ድሃ የትም አይገባም። ግን ቀመሩን ያወጡት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ባይሆኑ ኖሮ ይሄን ለመናገር አፌን ሞልቼ አልደፍርም ነበር።

የሆነውና ያልሆነው

ቤቶቹ ቶሎ አልተሠሩም። ፕላኑ በ1987 አልቆ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሰው የገባባቸው በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። መሐል ላይ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፣ የብድሩ ወረቀት ተንጓተተ፣ የግንባታ ዋጋ ከነዋሪው አቅም ጋር አልጣጣም አለ። 7 እና 8 ዓመት መጠበቅ ቀላል አይደለም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ሰፈር ቀየረ፣ ስንቱ ሽማግሌ ሳያየው አረፈ። የተሳትፎ ጽሑፎች ይሄን ዘለው ያልፋሉ።

ቢሆንም ቆመው የሚታዩ ነገሮች አሉ። በአደራ መሬቱ ላይ ከ225 በላይ ቤቶች ተሠርተዋል። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ገበያ የሚቆምበት የጋራ መስክ አለ። አሮጌ ጋራዥ የነበረበት ቦታ ላይ 930 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን የአትክልት ግሪን ሃውስ ተሠርቷል፤ የተቃጠሉ ቤቶች ቀለም አፈሩን ሊድ በሚባል መርዛማ ብረት ስለመረዘው አትክልት የት ይተከል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነበር። ከ2007 በኋላ በመጣው የቤት ብድር ቀውስ ሮክስበሪና ዶርቼስተር ውስጥ ባንክ የወረሰው ቤት በየመንገዱ ነበር፤ የአደራ መሬቱ ላይ ያሉት ግን ከጥቂቶች በስተቀር ቤታቸውን አላጡም። ዋጋው የተገደበ ቤት የማይሆን ብድር ውስጥ አያስገባም፣ ችግር ሲመጣም ድርጅቱ ቀድሞ ያውቃል።

ቦርዱ ውስጥ ለወጣቶች መቀመጫ አለ። ጆን ባሮስ የሚባል የኬፕ ቨርዴ ቤተሰብ ልጅ 17 ዓመቱ ሳለ ተመርጦ ገባ። አደገና የማኅበሩ ዳይሬክተር ሆነ፣ በኋላም የቦስተን ከተማ የኢኮኖሚ ልማት ኃላፊ፣ ሁለት ጊዜም ለከንቲባነት ተወዳደረ። 17 ዓመት ላይ ስለ ፓርኪንግና ስለ ፍሳሽ መስመር ሲከራከር ያደገ ልጅ ከተማ መምራት ቢያምረው አይገርምም። እኛ ስብሰባዎች ላይ ወጣት የሚጠራው ወንበር ለመደርደር ነው።

ሰፈሩ ዛሬም ከችግር አልወጣም። የቦስተን የቤት ዋጋ ሰማይ ነክቷል፣ ኪራይም እንዲሁ። የአደራ መሬቱ የሰፈሩ አንድ ክፍል ነው፤ ከሱ ውጭ ያለው ተከራይ ገበያው ባሻው ዋጋ እየተገፋ ነው። መሬቱን መያዝ የሚቻለው ባዶ ቦታው ላይ ቤት ባልተሠራበት ጊዜ ነበር፤ አሁን ያ መሬት ውድ ሆኗል። እነሱም ያውቁታል፣ በየሁለት ዓመቱ ምርጫ ሲያደርጉ አንዱ አጀንዳ ይሄ ነው ቢባል አይበዛም።

አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ልጨምር፤ ጥያቄው አሁንም ያው መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። የዱድሊ አደባባይ ስም ይቀየር ተባለ። ቶማስ ዱድሊ የቅኝ ግዛት ዘመን ገዥ ነው፣ ስሙ ባርነትን ከፈቀደው ሕግ ጋር ይነሣል ብለው የተከራከሩ ነዋሪዎች አደባባዩ «ኑቢያን» ይባል አሉ፤ እዚያው ለረጅም ዓመታት የነበረ የጥቁሮች ሱቅ ስም ነው። በኅዳር 2019 ጉዳዩ አስገዳጅ ላልሆነ ድምፅ ቀረበ። ድምፅ የሰጠው ግን የቦስተን ከተማ በሙሉ ነው። በከተማ ደረጃ ሐሳቡ ተሸነፈ። አደባባዩ ዙሪያ ያሉ የምርጫ ጣቢያዎች ብቻቸውን ሲቆጠሩ ግን አብላጫው ይቀየር ብሏል። እንግዲህ ሕዝቡ ማን ነው? ከሌላ ጫፍ ያለ፣ በዓመት አንዴ እንኳ አደባባዩን የማይረግጥ ሰው ድምፅ በየቀኑ እዚያ አውቶቡስ ከሚጠብቀው ሰው ድምፅ ጋር እኩል ይቆጠር? የከተማው ኮሚሽን በታኅሣሥ 2019 የቅርቦቹን ሰምቶ ስሙን ቀየረ። እኔም ትክክል ሠርቷል እላለሁ፣ ምንም እንኳ የተሸነፈው ወገን ቅሬታ ቢገባኝም።

አደባባዩ አሁን ኑቢያን ስኩዌር ነው። ከሱ የሚነሣው መንገድ ግን እስከ ዛሬ ዱድሊ ስትሪት ይባላል፣ የማኅበሩም ስም እንደነበረ አለ።